ዳሌዬን ተሻለኝ፣ የጭኔ ሕመም ግን አለቅ አለኝ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዳሌ መገጣጠሚያ ካስቀየሩ አንባቢዎች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ዳሌ አይደሉም፤ ስለ ጭን ናቸው። ከቀዶ ሕክምና የተነሱ ሰዎችን መልሶ የማራመድ ሥራ ላይ ያለሁ ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ ቅሬታው አዲስ አይሆንብኝም። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙ ሰው "ቀስ እያለ ይለቃል" ይባልና ሕመሙን በደንብ ሳያስረዳ፣ መልሶ ሳይጠይቅ፣ ጥርሱን ነክሶ ይኖራል። የጭን ሕመም ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የት እንደሚያም፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ በትክክል ከተነገረ የሐኪሙ ሥራ ግማሹ እዚያው ያልቃል። ለዛሬ አምስት ጥያቄዎች መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሴት ነኝ። የቀኝ ዳሌዬ ከተቀየረ ዘጠኝ ወር ሆነው። እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው የብሽሽት ሕመም ድራሹ ጠፍቷል። አሁን ግን ጭኔ መሃል ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ይጠዘጥዘኛል። ከወንበር ስነሳ ይብሳል፣ ራመድ ራመድ ስል ቀለል ይላል፣ ብዙ ከሄድኩ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ዘንጉ ያለ ሲሚንቶ እንደገባ ነግረውኛል። ሐኪሜ በቅርቡ ራጅ አይቶ "ሁሉም ደህና ነው" አለኝ። ደህና ከሆነ ታዲያ ለምን ያመኛል? መራመድ ላቁም?

መልስ፦ እናቴ፣ መራመድዎን አያቁሙ። አረማመዱን ግን እንቀይረዋለን፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ "ደህና ነው" የሚለውን እንየው። ሐኪሙ ያየው አጥንቱንና ብረቱን ነው። ራጅ ጡንቻን፣ ጅማትንና ነርቭን በቅጡ አያሳይም። ስለዚህ ራጁ ደህና ሆኖ ሰውየው ሊታመም ይችላል፤ ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ይህን የምለው ብዙዎች "ራጁ ምንም የለውም" ከተባሉ በኋላ ለቤተሰባቸው እንኳ ደግመው ማማረር ስለሚያፍሩ ነው።

ዳሌ ሲቀየር የሚነካው ዳሌ ብቻ አይደለም። የጭን አጥንቱ ራስ ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ የአጥንቱ ውስጥ ተሞርዶ ረዘም ያለ የብረት ዘንግ ወደ ታች ይገባል። ዘንጉ አናት ላይ ኳስ ይሰካል፤ ኳሱ ደግሞ ዳሌው ላይ በተተከለ ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። እርስዎ "ዳሌዬ ተቀየረ" ይላሉ እንጂ ብረቱ እስከ ጭንዎ ወርዷል። የሚያምዎት ቦታ ላይ መዳፍዎን ያሳርፉ። ብዙ ጊዜ ከመዳፉ ሥር ያለው የዘንጉ ጫፍ ነው።

ዘንጉ አጥንት ውስጥ የሚቆየው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሌ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው የአጥንት ሲሚንቶ ነው። ሌላው የእርስዎ ዓይነት፣ ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ነው። ይሄኛው ዛቢያ መጥረቢያው ውስጥ እንደሚገባው ተጠብቆ ይመታል። የዘንጉ ገጽ ሻካራ ነው፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት አጥንቱ እየበቀለ ሻካራውን ይይዘዋል። መሃል ጭን ላይ የሚሰማ ሕመም ይበልጥ የሚታየው በዚህኛው ዓይነት ነው።

ለምን ያማል? አንደኛው ምክንያት የብረቱ ግትርነት ነው። አጥንት ስንረግጥ በትንሹ ይለመጣል። ለዘንግ የሚያገለግለው የታይታኒየም ቅይጥ ከአጥንት ቅርፊት 5 እጥፍ በላይ ግትር ነው፤ ኮባልት ክሮም ከሆነ ደግሞ 10 እጥፍ ያልፋል። ውፍረት ሲጨመርበት ግትርነቱ በጣም ይጨምራል። እንግዲህ ከላይ ብረት ያለበት፣ የማይለመጥ አጥንት አለ፤ ከታች ብረት የሌለበት፣ የሚለመጥ አጥንት አለ። ሁለቱ የሚገናኙት ዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ጫናው እዚያ ይሰበሰባል፣ የሚጠዘጥዘውም እዚያው ነው። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ግን ቀስ በቀስ ራሱን ለአዲሱ ጫና ያስተካክላል። ይህ ማስተካከል ከአንድ ዓመት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ ዘጠኝ ወር ላይ ሆነው "በቃ፣ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነኝ" አይበሉ።

ሁለተኛው ምክንያት በደንብ መታየት ያለበት ነው፤ ዘንጉ ከአጥንቱ ጋር በቅጡ ሳይያያዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘንጉ ከ150 ማይክሮን ገደማ በላይ ከተነቃነቀ አጥንት በመያዝ ፈንታ ጠባሳ የመሰለ ለስላሳ ነገር ይበቅልበታል። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን ነው፤ ምን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ እንደሆነ ይገምቱት። እንዲህ ያለባቸው ሰዎች ከወንበር ሲነሱ አይቻለሁ። ይነሳሉ፣ ጠረጴዛውን ይዘው ቆም ይላሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች ፊታቸውን አጨማደው ይረግጣሉ፣ ከዚያ ይለቃቸውና ቀና ብለው ይሄዳሉ።

እርስዎ የነገሩኝ ነገር ለዚህ ይቀርባል። ላስደነግጥዎ አይደለም። ብዙ ተቀምጦ የደረቀ ጡንቻም ሲነሱ ልክ እንደዚያ ያደርጋል። ልዩነቱን የሚያሳየው ጊዜ ነው። የጡንቻው ከወር ወር እየቀነሰ ይሄዳል፤ የላላ ዘንግ ሕመም ግን ባለበት ይቆማል፣ ወይም ይጨምራል። ስለዚህ ራስዎን ይጠይቁ፦ ሦስተኛው ወር ላይ እንዴት ነበርኩ? ስድስተኛው ላይስ? አሁን ከዚያ ይሻላል?

ለሐኪምዎ ደግሞ ይህን ይጠይቁት፦ "ከቀዶ ሕክምናው ማግስት የተነሳሁትንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን አድርገው አይተውታል?" አንድ ራጅ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለቱ ሲተያዩ ነው ዘንጉ ወደ ታች መስመጡ፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር መውጣቱ ወይም ጫፉ አካባቢ አጥንቱ መወፈሩ የሚለየው። የዘንጉ ጫፍ ራጁ ውስጥ መግባቱንም ያረጋግጡ። ዳሌ ላይ ብቻ የተነሳ ራጅ አንዳንዴ ልክ የሚያመው ቦታ ሳይደርስ ይቆረጣል።

የደም ምርመራም አለ፤ ሲአርፒና ኢኤስአር ይባላሉ፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን ይጠቁማሉ። ሲአርፒ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በኋላ ይጨምራል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዘጠኝ ወር ላይ ከፍ ካለ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በተለይ ሕመሙ ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ አንድም ቀን ያልለቀቀ ከሆነ፣ ተኝተው አርፈውም የሚያም ከሆነ፣ ይህን ምርመራ ጠይቀው ያሠሩ።

አሁን ወደ አረማመዱ። በአንድ ትንፋሽ 40 ደቂቃ ከመሄድ 10 ደቂቃ አራት ጊዜ ይሂዱ። ልኬቱ ቀላል ነው፦ ሲሄዱ ትንሽ ቢያም ምንም አይደለም፣ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው። ካደረ በዝቷል፣ በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ። ደህና የሆኑ ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ጨርሰው ሁለት ቀን የሚተኙ ሰዎች አሉ። እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ። መቀመጫው ከፍ ያለ ቋሚ ብስክሌትና ውሃ ውስጥ መራመድ ጭኑን ሳይደበድቡ ጡንቻ ይሠራሉ። ቁስሉ ስለደረቀ ውሃው ይቻላል።

ጡንቻ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የጭን ሕመም እዚያ ነው የሚደበቀው። መስታወት ፊት ይቁሙ፣ ጠረጴዛ ይያዙና በተቀየረው እግርዎ ብቻ ለአፍታ ይቁሙ። የሌላኛው በኩል ዳሌ ወደ ታች ወረደ? ወይስ ደረትዎ ወደ አንድ ጎን አጋደለ? ከሆነ ዳሌን ደግፈው የሚይዙት የመቀመጫ የጎን ጡንቻዎች ገና ናቸው ማለት ነው። እነሱ ሲደክሙ ያነክሳሉ፣ ሲያነክሱ የጭን ጡንቻ የማይገባውን ሸክም ይሸከማል። ቆመው ጠረጴዛ ይዘው እግርን ወደ ጎን ማንሳት፣ ከፍ ካለ ወንበር በእጅ ሳይገፉ ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ዙር። መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት ይይዎት። እንቅስቃሴው ትክክል ካልሆነ ሌላ ጡንቻ ነው የሚሠራው።

ሌላው፣ ትንሽ ደብተር ይያዙ። በቀን አንድ መስመር ይበቃል፦ የት አመመኝ፣ ምን ሳደርግ፣ ከ10 ስንት። ለሐኪም "ያመኛል" ከማለት "ስነሳ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ፣ ከ10 ስድስት፣ ከሁለት ወር ወዲህ አልቀነሰም" ማለት በጣም ይለያያል። ብሽሽት ላይ የሚያም ብዙ ጊዜ ወደ ጎድጓዳው ወይም እግርን ወደሚያነሳው ጅማት ያመለክታል። ዳሌ ጎን ላይ፣ ጎኑን ሲተኙበት የሚያም ወደ ጎን ጅማቶች፤ ከመቀመጫ የሚነሳ ደግሞ ወደ ወገብ። ፍጹም መለያ አይደለም፣ ግን ምርመራው ከየት እንደሚጀመር ያሳያል።

ጥያቄ፦ ዳሌዬ ከፊት በኩል ተከፍቶ ከተቀየረ አራት ወር ሆነኝ። አጥንቱ ላይ ምንም አይሰማኝም። የጭኔ የውጭ ቆዳ ግን ሱሪ ሲነካው ያቃጥለኛል፤ አንዱ ቦታ ደግሞ የኔ ቆዳ እስከማይመስለኝ ደንዝዟል። ነርቭ ተቆርጦብኝ ይሆን? ሽባ እሆናለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽባ የሚያደርግ ነገር አልነገሩኝም። የገለጹት ወደ ጭን የውጭ ቆዳ የሚወርደውን ነርቭ ይመስላል። ይህ ነርቭ ከወገብ ተነስቶ በብሽሽት ጫፍ በኩል ያልፋል። ዳሌ ከፊት በኩል ሲከፈት ደግሞ መንገዱ ላይ ነው ያለው፤ ሊሳብ፣ ሊጫን፣ ቅርንጫፉም ሊነካ ይችላል። የዚህ ነርቭ ሥራ ስሜት ማድረስ ብቻ ነው። አንድም ጡንቻ አያንቀሳቅስም። ስለዚህ ቢጎዳም እግርዎን አያደክምም።

ብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ ከዓመት በላይ ይቆያል፣ ትንሽ የደነዘዘ ቦታም ሊቀር ይችላል። የሚያስጨንቅ ቀበቶና ጠባብ ሱሪ ለጊዜው ይተዉ። ለስላሳ ጨርቅ ይውሰዱና ቦታውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ ይሹት፤ ሲለምዱት ትንሽ ሻከር ወዳለው ጨርቅ ይለፉ። መጀመሪያ ላይ ይቀፋል፣ ግን ነርቩ መነካትን እንደ አደጋ መቁጠሩን እንዲተው ያግዘዋል። የደነዘዘ ቆዳ ላይ የሙቅ ውሃ ላስቲክም በረዶም አያስቀምጡ፤ ሲያቃጥልዎ አይሰማዎትም።

ተራ ማስታገሻ ለነርቭ ማቃጠል ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ ከነሳዎት ሐኪምዎ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሊያዝልዎ ይችላል። በትንሽ መጠን ነው የሚጀመሩት። እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚያሰኙ ሰውነትዎ እስኪለምዳቸው መኪና አይንዱ።

ጉዳዩ የሚለወጠው ደረጃ ሲወርዱ ጉልበትዎ ከድቶ ከታጠፈ ነው። ያ ሌላ፣ ጡንቻ የሚያዝ ነርቭ ነው፤ ቶሎ ይታዩ። ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ፣ ሲቆሙ ብሶ ሲቀመጡና ጎንበስ ሲሉ ከለቀቀዎ ደግሞ ወገብዎ ይመርመር። የዳሌ ሕመም ለዓመታት ሸፍኖት የኖረ የወገብ ችግር ዳሌው ሲድን ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ከተቀየረ ስድስት ዓመት ሆነው፣ እስካሁን ምንም ሆና አታውቅም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጭኗን ትይዛለች፣ ታነክሳለች። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት "እርጅና ነው" ብላ እምቢ ትለኛለች። ከፋርማሲ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ገዝታ እያቀያየረች፣ አንዳንዴም ሁለቱን አንድ ላይ ትውጣለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ቀጠሮ የሚያቆይ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ሳምንት ውሰዳት። ለዓመታት ደህና የነበረ ዳሌ አዲስ ሕመም ካመጣ እርጅና ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሊሆን የሚችለውን ልንገርህ። ኳሱ የሚሽከረከርበት ፕላስቲክ በዓመታት ውስጥ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይጥላል። ሰውነት ብናኙን ሲዋጋ ዘንጉ ዙሪያ ያለው አጥንት ይበላና ዘንጉ ይላላል። አዳዲሶቹ ፕላስቲኮች የሚጥሉት ብናኝ በጣም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በየጊዜው ራጅ መነሳት የሚያስፈልገው አጥንቱ ምንም ሳያም ሊበላ ስለሚችል ነው። ኢንፌክሽንም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከተበላሸ ጥርስ፣ ከቆዳ ቁስል ወይም ከሽንት ቧንቧ የተነሳ ባክቴሪያ በደም አድርጎ ብረቱ ላይ ያርፋል። በቅርቡ እንዲህ ያለ ነገር ነበረባት? ጠይቃት፣ ለሐኪሙም ንገር።

ወድቃ እንደሆነም ጠይቃት። አረጋውያን ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ መውደቃቸውን ይደብቃሉ። ዘንጉ ጫፍ አካባቢ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ለጊዜው እያነከሱ ሊያስኬድ ይችላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይሰበራል። አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት ወይም የዚህ ወገን መድኃኒት ለዓመታት ስትወስድ ቆይታለች? መድኃኒቱ ብዙ ሰውን ከስብራት ያድናል። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ግን አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ላይ ለየት ያለ ስብራት ያመጣል፤ ሳይሰበር በፊት ለሳምንታት ጭን ላይ የሚሰማ ጥዝጣዜ ማስጠንቀቂያው ነው። በራሷ አታቁመው፣ ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ራጁም የጭኑን አጥንት ሙሉውን እንዲያሳይ ጠይቅ።

ስለ ክኒኑ፦ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አንድ ወገን ናቸው። ሁለቱን መደረብ ማስታገሻውን እጥፍ አያደርገውም፤ የሚጨምረው የጨጓራ መድማትንና የኩላሊት ጉዳትን ነው። በእሷ ዕድሜ፣ በተለይ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለ፣ አደጋው ይብሳል። ዛሬውኑ አስቁማት። ሐኪም እስኪያያት ፓራሲታሞል ይሻላል፦ ባለ500 ሚሊግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 አይለፍ። ጉበቷ የሚያስቸግራት ወይም በጣም የከሳች ከሆነ መጠኑ ከዚያ ማነስ አለበት፤ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብላት።

"ኢንፌክሽን ከሆነ" ብለህ አንቲባዮቲክ ገዝተህ እንዳትሰጣት፣ አደራ። ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ተቀድቶ ባክቴሪያው ሳይለይ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ምርመራው ባዶ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞች ለዚህ ምርመራ ብለው የተጀመረውን እንኳ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያስቆማሉ።

ከነዚህ አንዱን ካየህ ግን ሳምንቱንም አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት፦ እግሯን መርገጥ ካቃታት፣ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ከትኩሳት ጋር ዳሌዋ ከቀላ ወይም ከድሮው ጠባሳ ፈሳሽ ከወጣ፣ ባቷ በአንድ በኩል አብጦ ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታት።

እሷን ለማሳመን "ይቆርጡሻል" ብለህ አታስፈራራት። "ራጅ ብቻ ተነስተን እንመለሳለን" በላት። አብዛኛው እምቢታ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን ከመፍራት ነው የሚመጣው፤ ቶሎ የተገኘ ችግር ደግሞ ዘግይቶ ከተገኘው በቀለለ መንገድ ነው የሚስተካከለው።

ጥያቄ፦ ምርኩዝ የምይዘው በታመመው እግሬ በኩል ነው ወይስ በሌላው? ባለቤቴ አንድ ይላል፣ ጎረቤቴ ሌላ ትላለች።

መልስ፦ በሌላው። የተቀየረው ግራ ዳሌ ከሆነ ምርኩዙ በቀኝ እጅ ይያዛል። በምንራመድበት ጊዜ በአንድ እግር ስንቆም ዳሌው የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ጡንቻዎቹ ዳሌው እንዳይወድቅ አጥብቀው ስለሚጎትቱ። በተቃራኒው እጅ ያለ ምርኩዝ የጡንቻዎቹን ሥራ ይጋራል፣ ጫናው ይቀንሳል። በታመመው በኩል ከተያዘ ግን ሰውነት ወደዚያው ያጋድላል።

ርዝመቱን እንዲህ ይለኩ፦ ጫማ አድርገው፣ እጅዎን ወደ ታች ለቀው ቀጥ ብለው ይቁሙ። የምርኩዙ እጀታ የእጅ አንጓ መስመርዎ ጋ ይድረስ። ምርኩዙና የተቀየረው እግር አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ምርኩዙና የተቀየረው እግር ይቅደሙ። የሚያነክሱ እስከሆነ ድረስ ምርኩዙን አይጣሉ። አፍረው ጥለውት በማነከስ ጭናቸውን የሚያሳምሙ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዳሌዬ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ 55 ዓመቴ ነው። ጭኔን ያመኛል። ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ የደም ምርመራ፣ ሁሉም ንጹህ ነው። ሐኪሜ ዳግም መክፈት አልፈልግም አለኝ። እኔ ግን ብረቱ ይውጣልኝና ሌላ ይግባልኝ እላለሁ። የማይቀበለኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለት ዓመት ተኩል ታሞ "ምንም የለብህም" መባል ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ከሐኪምዎ ጋር ነኝ። ምክንያቱ ተለይቶ ካልታወቀ ዳግም መክፈት ብዙ ጊዜ ሕመሙን አያጠፋውም። በደንብ የያዘ ዘንግ ለማውጣት አጥንቱን መሰንጠቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የኢንፌክሽንና የመውለቅ አደጋውም ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሕመሙ ሳይለቅ የባሰ እግር ይዞ መነሳት አለ።

ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ፣ ምርመራው እውነት አልቋል? የወገብ ኤምአርአይ ተነስተዋል? የሁለቱ እግሮችዎ ርዝመት ተለክቷል? ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ ታይቷል? ኳሱም ጎድጓዳውም ብረት ከሆነ በደም ውስጥ የኮባልትና የክሮሚየም መጠን ተለክቷል? ማደንዘዣ መገጣጠሚያው ውስጥ ተወግቶ ሕመሙ ለጊዜው ይጠፋ እንደሆነስ ተሞክሯል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ነገር ይለያል። ከጠፋ ምንጩ መገጣጠሚያው አካባቢ ነው፤ ምንም ካልለወጠ ወገብ ወይም ነርቭ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

ሁሉም ታይቶ ምንም ካልተገኘ፣ ብቻዎን አይደሉም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የገመገመ አንድ ሥራ ዳሌ ካስቀየሩ ሰዎች ከ7 እስከ 23 ከመቶ የሚሆኑት ላይ ሕመም እንደሚቆይ አግኝቷል። ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለዓመታት በሕመም የኖረ ሰው የነርቭ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ንቁ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ቁስሉ ድኖም ደወሉ መጮሁን አያቆምም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ የሚታከመው ግን በቢላ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚረዳው ተደራራቢ ሕክምና ነው። የሕመም ሕክምና ባለሙያ ካገኙ ይሂዱ። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ሊሞከሩ ይችላሉ። ትራማዶልና መሰሎቹ ግን ለወራት የሚወሰዱ አይደሉም፤ ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ ከዚያ ለማቆምም ይከብዳል። የጡንቻ ሥራውን በፊዚዮቴራፒስት ቁጥጥር ለሦስት ወር ያህል ሳያቋርጡ ይያዙት፤ ሁለት ሳምንት ሠርቶ "አልሠራም" ማለት አይበቃም። ክብደት ካለ ትንሽ መቀነስ እንኳ በየእርምጃው ጭኑ ላይ ያለውን ጫና ያቀላል።

እንቅልፍንም ችላ አይበሉ። ያልተኛ ሰው ሕመም ይብስበታል። ጎንዎን ሲተኙ በጤነኛው በኩል ይሁኑና ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ትራስ በእግሮችዎ መሃል ያድርጉ፤ ጉልበት ላይ ብቻ የሚቀመጥ አጭር ትራስ እግሩን ያጣምመዋል። ተስፋ መቁረጡ ከበረታ፣ ከሰው መራቅ ከጀመሩ፣ ይህንንም ለሐኪም ይንገሩ። የቆየ ሕመምና ድብርት አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ።

አሁንም ልብዎ ካላረፈ ሁለተኛ አስተያየት ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። ዳሌ ዳግም በመቀየር ሥራ ላይ የቆየ ሐኪም ይምረጡ። ሲሄዱ የመጀመሪያውን የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ይያዙ፤ የዘንጉ ዓይነትና መጠን እዚያ ላይ ተጽፏል። ከመጀመሪያው እስከ አሁኑ ያሉትን ራጆች በቀን ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው፣ የደም ምርመራ ውጤቶቹንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርም አብረው ያድርጉ።